የዋሽንግተን ጸደይ በውሻ ጠጉር ላይ

ዋሽንግተንን በመጋቢት ማብቂያ የሚጎበኝ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚወሰደው ወደ ቼሪ ዛፎች ነው። ታይዳል ቤዝን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር የተሰለፉት እነዚህ ዛፎች በ1912 ዓ.ም. ከቶኪዮ ከተማ በስጦታ የመጡ ሲሆኑ ቍጥራቸው 3,000 ያኽል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያውን ችግኝ የተከሉት የፕሬዚዳንት ታፍት ባለቤት ናቸው፤ ሁለተኛውን ደግሞ የጃፓን አምባሳደር ባለቤት ተከሉ። ዛሬ አበባው ሲፈነዳ ከተማው በሰው ይጥለቀለቃል፤ ሽማግሌው፣ ሙሽራው፣ ተማሪው ሁሉ ከዛፉ ሥር ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል።

እኛ ግን ዓይናችንን ከቅርንጫፉ ላይ አንሥተን ወደ መሬት ዝቅ እናድርግ። ከሰዎቹ እግር አጠገብ በገመድ ተይዘው የሚሄዱ ውሾች አሉ። አንዳንዱ ጠጉሩ እንደ በግ የተጠቀለለ፣ አንዳንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር የተንዠረገገ፣ አንዳንዱም የሆዱ ጠጉር መሬት የሚጠርግ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያምረው የጸደይ ጌጥ ወድቆ የሚያርፈው በእነዚህ እንስሳት ላይ ነው። የአበባው ክር፣ ክንፍ ያለው ዘር፣ ሙጫውና ብናኙ በጠጉራቸው ተይዞ ደጃፉን ያልፋል፤ ሳሎን ይገባል፤ ከሶፋው ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻም ከልጆች አልጋ ይደርሳል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ፣ ከእነርሱም መካከል በልጆቻቸው ልመና ተሸንፈው ውሻ ቤት ያስገቡ ስላሉ፣ ነገሩ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ከዚሁ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ለፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የቆመ መታሰቢያ አለ። በ1945 ዓ.ም. ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በመርከብ ላይ ተገናኝተው የተነጋገሩት እኒህ ፕሬዚዳንት በነሐስ ተቀርጸው ተቀምጠዋል፤ ከአጠገባቸውም ውሻቸው ፋላ አለ። ፋላ ስኮቲሽ ቴሪየር ከሚባለው ወገን ነበር፤ ጥቁር፣ እግሩ ያጠረ፣ ጺሙ የረዘመ፣ የሆዱ ጠጉር ቀሚስ የመሰለ። መታሰቢያው በ1997 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ጎብኚዎች ጆሮውን እየዳበሱ ነሐሱን አብርተውታል። የነሐስ ውሻ ብናኝ ቢያርፍበት ዝናብ ያጥበዋል። ሥጋ ለባሹ ውሻ ግን ማበጠሪያ የያዘ ሰው ያስፈልገዋል።

ያለ ኃጢአቱ የሚወቀሰው ዛፍ

በዚህ ወራት ያስነጠሰና ዓይኑ የቀላ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው የቼሪውን አበባ ነው። ቼሪ ግን ንጹሕ ነው። የአበባው ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ ስለ ሆነ፣ ንብ ወይም ሌላ በራሪ ካልተሸከመው በቀር ሩቅ አይሄድም። ቅጠለ አበባው በውሻ ጀርባ ላይ ቢረግፍም በአንድ እጅ ጠረጋ ይወርዳል። መልክና መዓዛ የተሰጠው አበባ ንብን ለመጥራት የተሰጠው ነው፤ ዘሩን በነፋስ የሚልክ ዛፍ ግን ማንንም የሚጠራበት ምክንያት ስለሌለው ጌጥ አያስፈልገውም። ስለዚህ እውነተኛው ጥፋተኛ ማንም ፎቶግራፍ የማያነሣው ዛፍ ነው።

የነፋሱ ዛፎች ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። በየካቲትና በመጋቢት የሚቀድሙት የቨርጂኒያ ጥድና ቀዩ ሜፕል ናቸው። የቨርጂኒያው ጥድ ከእኛ አገር ጥድ ጋር የአንድ ወገን ልጅ ነው፤ የአገሩን ዛፍ የሚናፍቅ ሰው ቅጠሉን ቢያሸት ዝምድናውን ያውቀዋል። በሚያዝያ የኤልም ዛፍ ዘሩን ይጥላል። ከኮንግሬስ ሕንጻ ፊት ለፊት በተዘረጋው ታላቅ ሜዳ ግራና ቀኝ የተሰለፉት ኤልሞች ናቸው፤ ዘራቸውም እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ክብ፣ ጠርዙ ጸጉራም ነው። የሜፕሉ ዘር ክንፍ አለው፤ እየተሽከረከረ ይወርድና በውሻ ጆሮ ጀርባ ይሰካል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በሚያዝያ አጋማሽ የሚነሣው የኦክ ዛፍ ነው።

ኦክን ለማየት ወደ ሮክ ክሪክ ፓርክ መሄድ ይበቃል። ይህ ፓርክ በ1890 ዓ.ም. በኮንግሬስ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት አለው፤ በእኛ ልማድ ወደ 18 ጋሻ የሚጠጋ ደን በዋና ከተማው መካከል አለ ማለት ነው። ወንዙ በሸለቆው እየተጠማዘዘ ሲወርድ መንገደኛው ከተማ ውስጥ መኖሩን ይረሳል። ውሻ መግባት ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን ከ6 ጫማ በማይበልጥ ገመድ መያዝ አለበት።

የኦክ ወንዴ አበባ እንደ ካባ ዘርፍ ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠል አረንጓዴ ቢጫ ክር ነው። ቅጠሉ ገና ጨቅላ ሳለ ስለሚወጣ ነፋሱን የሚከለክለው ነገር የለም። የብናኙ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ነው፤ 30 ያኽል ቅንጣት ጎን ለጎን ቢሰለፍ የአንድ ሚሊሜትር ርዝመት ቢሞላ ነው። በደረቅና በነፋሻ ቀን ይህ ብናኝ በመኪናው ጣሪያ፣ በበረንዳው ወንበርና በኩሬው ፊት ላይ ይነሰነሳል። ዱቄቱን የጨረሰው ክር ደግሞ ቡናማ ሆኖ ይረግፍና በመንገድ ዳር እንደ ጭድ ይከመራል። በዚያ ጭድ መካከል ውሻ ሲንከባለል ያየ ሰው፣ የቀረውን ታሪክ ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ጠጉሩ ለምን አይለቅም?

አገር ቤት ሳር ለሳር የሄደ ሰው ጭጎጎት ከነጠላው ጫፍ ላይ ሲጣበቅበት ያውቃል። በረጅም ጠጉር ውሻ ላይ የሚሆነውም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ነጠላ በአንድ ጊዜ ይራገፋል፣ የውሻ ጠጉር ግን ድርብ ነው። ከላይ ረጅሙና ውሃ የሚመልሰው ጠጉር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ጥጥ የለሰለሰ አለ። ጸደይ ሲመጣ ውሻው የክረምቱን የውስጥ ጠጉር ይጥላል። የኦኩ ክር ከዚህ ከሚረግፈው ጠጉር ጋር ይጠላለፋል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይጠብቃል፤ ጥቂት ቀን ከቆየም እንደ ባና የጠነከረ ድብልብል ይሆናል። ድብልብሉ ቆዳውን ይጎትታል፤ ከሥሩ አየር ስለማይገባም ቆዳው ይቆስላል።

ውሻም እንደ ሰው የአበባ ብናኝ ይጎዳዋል። ነገር ግን ሰው በአፍንጫው ሲሠቃይ ውሻ በብዛት የሚሠቃየው በቆዳው ነው። እግሩን ይልሳል፣ ሆዱን ያካል፣ ጆሮውን ይነቀንቃል። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨመራል። እንደ ገብስ ጢም ያለ ፍሬ የሚያበቅል የዱር ሳር አለ። የገብስ ጢም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማይመለስ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ይህም ፍሬ በውሻ ጣቶች መካከል ወይም በጆሮው ገብቶ ሥጋውን እየወጋ ወደ ውስጥ ይሄዳል። መዥገርም በዚሁ ወራት ከሳሩ ጫፍ ሆኖ የሚያልፈውን ይጠብቃል፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ለሰውም ለውሻም ሊያስተላልፍ ይችላል። እንግዲህ ማበጠር ለውበት ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም፤ የተደበቀውን ክፉ ነገር መፈለጊያም ነው።

ውሾች የሚመላለሱበት መቃብር

ከጫካው ወጥተን ወደ ከተማው ምሥራቅ ብንሻገር፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ የኮንግሬስ መቃብር የሚባለውን ስፍራ እናገኛለን። በ1807 ዓ.ም. የተመሠረተ ጥንታዊ መቃብር ነው። ለእኛ አገር ሰው የሚገርመው ግን በሐውልቶቹ መካከል ውሾች ያለ ገመድ ሲሮጡ ማየቱ ነው። ነገሩ ንቀት አይደለም። የውሾቹ ባለቤቶች በየዓመቱ የአባልነት ክፍያ ይከፍላሉ፤ ገንዘቡም ሣሩ እንዲታጨድና ሐውልቶቹ እንዲጠበቁ ይረዳል። ችላ ተብሎ የነበረው መቃብር እንደ ገና ሰው የሚመላለስበት ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ እነዚህ ውሻ ይዘው የሚመጡ ጎረቤቶች ናቸው።

በሚያዝያ ማለዳ በበሩ አጠገብ ብንቆም ጠቃሚ ትምህርት እናገኛለን። ልምድ ያለው ባለ ውሻ ከመኪናው ኋላ ብሩሽና ፎጣ አውጥቶ፣ ውሻው ገና መኪና ሳይገባ ያበጥረዋል። አንድ ሽበታም ሰው የነጭ ውሻቸውን ጭራ ሲያራግፉ ለምን እዚህ እንደሚያደርጉት ብጠይቃቸው፣ «እዚህ ያሉት ሰዎች አያስነጥሱም» ብለው መለሱልኝ። ቀልድ ቢሆንም ቁም ነገሩ እውነት ነው፤ ብናኙ መቅረት ያለበት ከቤት ውጭ ነው።

የአያቲቱ ሚዶ

ይህን ቁም ነገር ከሁሉ አብልጠው ያስረዱኝ ግን ከዋሽንግተን በስተ ሰሜን፣ በሜሪላንድ ክፍል በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት የጎንደር እናት ናቸው። ልጃቸው ቤት ዳማ የሚባል ጎልደን ሪትሪቨር አለ። የልጅ ልጃቸው የ8 ዓመት ልጅ ሲሆን አስም አለበት። በየጸደዩ ሌሊት ሌሊት ትንፋሹ ሲያጥረው ቤተሰቡ በጭንቅ ያድራል። ዘመድ ሁሉ «ውሻውን ስጡት» ብሎ መከረ፤ ልጁ ደግሞ ዳማ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ ብሎ አለቀሰ።

እናቱ ከመወሰኗ በፊት ወደ ሐኪም ወሰደችው። በቆዳው ላይ በተደረገው ምርመራ ልጁን የሚያስነሣበት የኦክ ብናኝ እንጂ ውሻው እንዳልሆነ ታወቀ። ነገር ግን ብናኙን ከደጅ አምጥቶ ትራሱ ላይ የሚያራግፈው ዳማ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ውሻውም ከመኝታ ቤት እንዲወጣ፣ ከደጅ ሲመለስም እንዲጸዳ አዘዘ። ባልና ሚስት በሥራ ላይ ስለሚውሉ የማጽዳቱ ተራ በአያቲቱ ላይ ወደቀ።

«እማማ፣ ውሻ ማበጠር አልከበደዎትም?» አልኋቸው።

«መጀመሪያ ከብዶኛል እንጂ! እኛ አገር ውሻ ቤት ይጠብቃል እንጂ ቤት አይጠበቅለትም። ነጠላዬን ቢጫ ሲያደርግብኝ በከዘራ አባርረው ነበር። ኋላ ግን፣ ልጄ፣ የልጁን ትንፋሽ የያዘው ይህ ጠጉር ነው ሲሉኝ፣ ጠጉርስ አውቃለሁ አልሁ።»

እውነትም ያውቃሉ። በወጣትነታቸው የሰፈሩን ልጃገረዶች ሹሩባ የሠሩ ናቸው። የብረቱን ማበጠሪያ «ሚዶ» ይሉታል። ዳማን በበረንዳው ላይ በጎኑ ያስተኙትና ጠጉሩን እንደ ሹሩባ መስመር ይከፍሉታል፤ አንዱን ወገን በግራ እጃቸው ይዘው ሌላውን በጥቂት በጥቂቱ ይፈቱታል። ምራታቸው ከሥሩ ጀምራ ስትጎትት ባዩ ጊዜ፣ «የታሰረ ጠጉር ከጫፉ ይፈታል እንጂ ከሥሩ ይጀመራልን?» ብለው ሚዶውን ተቀበሏት። የውሻ አበጣጠር ሥራ የተማሩ ሰዎች የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው፤ ጠጉሩን በመስመር ከፍሎ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ቆዳ መውረድ።

ለአንባቢ የሚጠቅም ምክር

በዚያ በረንዳ ያየነውን፣ የእንስሳት ሐኪሞችም የሚመክሩትን፣ እነሆ በተራ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ጊዜና መንገድ መምረጥ ነው። ብናኝ የሚበዛው በደረቅ፣ በሞቃትና በነፋሻ ቀን ነው፤ ጥሩ ዝናብ ከዘነበ በኋላ አየሩ ይጠራል። በኦክ ወራት ከጫካው ውስጥ ይልቅ በተነጠፈ መንገድ መሄድ ይሻላል። ረጅም ሳር ሲያፈራ ደግሞ ውሻውን ከሳሩ መካከል ማራቅ ነው።

ሁለተኛ፤ በሩ ላይ መቆም ነው። ውሻው ራሱን እንዲያራግፍ ይተዉት። ጠጉሩ እርጥብ ከሆነ ቆሻሻውን ለመንጨት አይቸኩሉ፤ በፎጣ አድርቀው ቢቆዩ የደረቀው ክር በቀላሉ ይረግፋል። ከዚያ በብሩሽ፣ ቀጥሎም በብረት ማበጠሪያ ያበጥሩት። ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጭን መካከል፣ ከጭራ ሥርና ከጣቶች መካከል ያለው እንዳይረሳ። መዥገርም የሚሸሸገው በእነዚሁ ስፍራዎች ነው። የሚያበጥረው አስም ያለበት ልጅ እንዳይሆን፤ ሌላውም ሰው አፍንጫውን ቢሸፍን መልካም ነው።

ሦስተኛ፤ በማበጠሪያ የማይወጣውን ደቃቅ ብናኝ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ነው። እግሩን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ጣቶቹን መካከል ድረስ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ከቀረ ሌላ ቁስል ያመጣል።

አራተኛ፤ ገላ ከመታጠቡ በፊት መበጠር አለበት። ድብልብል ያለበት ጠጉር ውሃ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል። ሳሙናው ለውሻ የተዘጋጀ ይሁን፤ የሰው ሳሙና ለቆዳው አይስማማም። በደንብ ታጥቦ ካልለቀለቀም የቀረው ሳሙና ያሳክከዋል።

አምስተኛ፤ መቀስን መጠንቀቅ ነው። የውሻ ቆዳ ከድብልብሉ ጋር ተስቦ ስለሚነሣ ብዙ ሰው ጠጉር የቆረጠ መስሎት ቆዳ ይቆርጣል። እምቢ ያለውን ድብልብል ባለሙያ በመላጫ ቢያነሣው ይሻላል። በጣቶች መካከል ያለውን ጠጉር ማሳጠር ይጠቅማል፤ ድርብ ጠጉር ያለውን ውሻ ግን ከሥሩ መላጨት ተገቢ አይደለም። ጠጉሩ ተበላሽቶ ሊበቅል፣ ቆዳውም በፀሐይ ሊቃጠል ይችላል። የዛፍ ሙጫ ከተጣበቀበት በጥቂት የምግብ ዘይት አለስልሶ ማበጠርና ማጠብ ይበቃል።

ስድስተኛ፤ ሐኪም የሚጠራበትን ምልክት ማወቅ ነው። ውሻው እግሩን እስኪቀላ ቢልስ፣ ጆሮው ቢሸት፣ አንድ ዓይኑን ቢጨፍን ወይም ድንገት ቢያነክስ ነገ ዛሬ ማለት አያስፈልግም። ለሰው የታዘዘ መድኃኒትም ሐኪም ሳይጠየቅ ለውሻ አይሰጥም።

በአንድ ነገር ላይ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት። የዚያ ልጅ ምርመራ እንዲህ ሆነ ማለት የሁሉም እንዲሁ ይሆናል ማለት አይደለም። የሚጎዳቸው የውሻው የራሱ ምራቅና የቆዳው ቅርፊት የሆነ ሰዎች አሉ፤ እነርሱን ብናኝ ማራገፍ ብቻ አያድናቸውም። በ2009 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ኦባማ ቤተሰብ ቦ የተባለውን ፖርቱጊዝ ዎተር ዶግ የመረጡት ከልጆቻቸው አንዷ አለርጂ ስለነበረባት ነው። ይሁን እንጂ ፈጽሞ አለርጂ የማያስነሣ የውሻ ዘር የለም። ስለዚህ ውሻውን ለማባረርም ሆነ ለማስቀረት የሚወስነው ግምት ሳይሆን ምርመራ ይሁን።

ጠጉሩን ያረዘመው ማን ነው?

ይህን ሁሉ ድካም ያነበበ ሰው «ታዲያ ምን አስቸገረ፤ አጭር ጠጉር ያለው ውሻ አይሻልም?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ውሻው ጠጉሩን ራሱ አልመረጠም። ጎልደን ሪትሪቨር በ1860ዎቹ በስኮትላንድ አንድ መኰንን ከቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የታደነ ወፍ እንዲያወጣላቸው ብለው እያዳቀሉ ያስገኙት ነው፤ ውሃ የሚመልሰው ድርብ ጠጉር ለዚያ ሥራ አስፈልጎ ነበር። ሺ ዙ የሚባለው ትንሽ ውሻ ደግሞ በቻይና ቤተ መንግሥት ለጌጥ ያደገ ነው፤ ስሙም አንበሳ ማለት ነው። ጠጉሩን ያረዘመው የሰው ፈቃድ ነው። አዳኙ ከነወፉ፣ ቤተ መንግሥቱም ከነጌጡ አልፏል፤ ጠጉሩ ግን ቀርቷል፤ የሚንከባከበውም ዛሬ በቤቱ ያስቀመጠው ሰው ነው።

ዳማ ዛሬ የሚያድረው ከኩሽናው አጠገብ፣ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ በሚታጠብ ምንጣፍ ላይ ነው። ልጁ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስም ልብሱን ይለውጣል። የሚያዝያ ሌሊቶች ፈጽሞ አልቀለሉም፤ ነገር ግን እንደ በፊቱ በድንጋጤ የሚታደርባቸው አይደሉም። ውሻውን ስጡት የሚል ዘመድም ከዚያ ወዲህ አልተሰማም።

ዋሽንግተን ደንዋን አትቈርጥም፤ መቁረጥም የለባትም። ኦኩ በየዓመቱ ብናኙን ይልካል፤ ነፋሱም ያደርሳል። በጫካውና በልጁ ትራስ መካከል ያለው አንድ በረንዳ ነው፤ በዚያ በረንዳ ላይ በየቀኑ የምትጠፋው ሩብ ሰዓት ውሻውንም ልጁንም በአንድ ቤት ታኖራለች።